በኤላፌያ ጉብታ ሥር የተኙት

ሊሳኒያስ የቴዎስ ሰው ነው። ቴዎስ ከባሕሩ ማዶ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለች የወደብ ከተማ ናት። ልጆቿ ዘይትና ወይን ጠጅ ጭነው ካገር አገር ሲዞሩ፣ እሱ የሚዞረው ወሬ ፍለጋ ነበር። የፋርስ ንጉሥ ባሕር ተሻግሮ የግሪክን ምድር በወረረ ጊዜ በየመንደሩ የሆነውን፣ ያዩ ዓይኖች ጨርሰው ሳይጨፈኑ ልሰብስብ ብሎ ተነሣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ባይ ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ሲነግረው "ማን ነገረህ?" ይላል፤ "አባቴ" ሲሉት "አባትህስ የት ቆመው አዩት?" ብሎ ይቀጥላል። ይህን ጠባዩን የሚወድለት አለ፤ "ምራት የምታመጣ አማት ይመስል አጥንት ካልቆጠረ አይተኛም" ብሎ የሚሸሸውም አለ። እሱ ግን ለሁለቱም ግድ የለውም። እውነት ካለች አገኛታለሁ ብሎ በራሱ የሚተማመን፣ በቅሎውንም ምላሱንም የማያሳርፍ ሰው ነበር።

ጦርነቱ ካለፈ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ሊሳኒያስ በፎኪስ ተራሮች ወገብ ላይ ወደምትገኘው ወደ ኤላፌያ የወጣው ያኔ ነው። የከተማዋ ሹም ቲማጎራስ ደጁ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። ቲማጎራስ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከደረቱ የሚሰፋ፣ ገና ጢሙ ያልሸበተ ጎልማሳ ነው። እንግዳውን የገብስ ዳቦና የፍየል አይብ አብልቶ፣ ወይን ጠጁን በውሃ በርዞ ካጠጣው በኋላ፣ እግሩ ሳያርፍ ወደ ጉብታው ወሰደው።

ጉብታው ከከተማዋ በላይ፣ መንገዱ ጠብቦ አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍበት አፋፍ ሥር ነው። ሣር የለበሰ የአፈር ቁልል ሲሆን አናቱ ላይ ድንጋይ ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ተቀርጿል፦ "ለኤላፌያ የቆሙት እዚህ ተኝተዋል።"

"እነዚህ አባቶቻችን ናቸው" አለ ቲማጎራስ፣ እጁን እንደ ጦር ዘርግቶ። "ፋርስ ሸለቆውን እያቃጠለ ሲመጣ፣ ሕፃናቱና ሴቶቹ ወደ ላይኛው ዋሻ እንዲያመልጡ እዚህች ጠባብ ላይ እንደ ግንብ ቆሙ። አንድም ሰው ወደ ኋላ አላለም። አንድም ሰው አልተረፈም።"

"ስንት ነበሩ?" አለ ሊሳኒያስ።

"ስልሳ።"

"ኧረ መቶ!" አለ ተከትሏቸው ከወጣው ሕዝብ መካከል አንዱ። "አባቴ መቶ ናቸው ነበር የሚለው።"

"ያንተ አባት በጎቹንም ሲቆጥር እንደዚያው ነበር፤ ጎረቤት እስኪመጣበት ድረስ" አለ ሌላው። ሰው ሁሉ ሣቀ። ባለ መቶውም ራሱ ሣቀ።

ቲማጎራስ ግን አልሣቀም። ሊሳኒያስን ወደ ዳር ሳብ አድርጎ፣ "የከተማችን አምላክ የአርጤምስ በዓል ቀርቧል" አለው። "ሕዝቡ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ከታች ያለችው መንደር የክሬና ሰዎችም ይመጣሉ። የጻፍከውን ያኔ በአደባባይ አንብብልን። አሳምረህ ጻፈው፤ ክሬናዎችን ያንገብግባቸው።"

"የማገኘውን እጽፋለሁ" አለ ሊሳኒያስ።

"እሱማ ይኸውልህ፣ አግኝተኸዋል" አለ ቲማጎራስ፣ ጉብታውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ።

ሊሳኒያስ አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ የሚጽፍ አልነበረምና በማግስቱ ወደ ክሬና ወረደ። ክሬና ሸለቆው ውስጥ ምንጭ ዳር ያለች፣ ወይራዋ የሰባ መንደር ናት። የወይራ መጭመቂያ ባለቤቱ ፎርባስ ገና ከሩቅ ሲያየው "ጉብታውን አሳዩህ አይደል?" ብሎ ጮኸ። እጁ እስከ ክንዱ ዘይት ነው።

"አሳዩኝ።"

"ባዶ ነው!"

"በምን አወቅህ?"

"በምን አወቅህ ይለኛል! የሞቱ የተባሉትን ወንዶች አባቴ በስም ያውቃቸዋል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ አንድ በአንድ እዚህ መጥተው ወይን ጠጅ ጠጥተዋል፤ ዘይት ገዝተዋል፤ አንዱማ እህቴን አግብቷል። ሙት ያገባል እንዴ? እህቴ ባሏ ደካማ ነው ብላ ብታማርርም እስከዚህ ድረስ አላለችም!" ፎርባስ በራሱ ቀልድ እየሣቀ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ሰውዬ፣ ልንገርህ። ፋርስ ሲመጣ ጎበዞቻቸው ተራራ ለተራራ ሮጡ። ጠላት ሲሄድ ተመለሱና አፈር ቆለሉ፤ ድንጋይ አቆሙ። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ያለቅሱለታል። በሬ ወለደ ነው ነገሩ።"

"እናንተስ ያን ቀን የት ነበራችሁ?"

ፎርባስ መጭመቂያው ላይ የሆነ ነገር የጠፋው ይመስል ዞረ። "እኛማ እዚሁ ነበርን። ወይራ ቅመስ፤ የዘንድሮው ነው።"

ሊሳኒያስ ወይራውን ቀመሰ፤ ጥያቄውን ግን አልዋጠም፤ ለሌላ ቀን አቆየው።

ወደ ኤላፌያ እንደ ተመለሰ አንድ ቀላል ጥያቄ ይዞ ገበያ ወጣ። ቲማጎራስን አገኘና፣ "አባትህ ከጉብታው ውስጥ ናቸው?" አለው።

"አባቴማ አርጅቶ፣ አልጋው ላይ ነው የሞተው። እሱና ጓደኞቹ ያን ጊዜ ከፎኪስ ጦር ጋር ሰሜን ያለውን መተላለፊያ ይጠብቁ ነበር። ፋርስ በሌላ መንገድ ዞሮ መጣባቸው እንጂ..." አለና ገታ አደረገው። "ጉብታው ውስጥ ያለው የአንጥረኛው አባት ነው።"

አንጥረኛው መዶሻውን አቁሞ፣ "የእኔ አባት? የለም፤ እሱም ሰሜን ነበር። የፈረስ ነጋዴውን ጠይቅ" አለ። የፈረስ ነጋዴው ወደ ሸክላ ሠሪው መራው። ሸክላ ሠሪው እጁ ጭቃ እንደ ሆነ ትንሽ አሰበና፣ "አያቴ ይመስለኛል... አይ፣ እሱ በሳል በሽታ ነው የሞተው። ቲማጎራስን ብትጠይቀው ይሻላል፤ የሱ አባት ሳይሆን አይቀርም" አለው።

ሰው ሁሉ በጉብታው ይኮራል፤ ማንም ግን ወደዚያ ያስገባው የራሱ አባት የለውም። ሊሳኒያስ ገበያውን አቋርጦ ሲሄድ ፎርባስ ልክ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ። በየአገሩ ባዶ መቃብር አይቷል፤ ከጦርነት በኋላ ክብር ያነሰው መንደር አፈር ይቆልላል። እንዲያውም "ጉብታው ባዶ ነው" ብሎ የሚጽፍበት ቃል በአእምሮው መደራጀት ጀምሮ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ከመንገዱ በታች ሆኖ አንድ ነገር አየ። የከተማዋ ሴቶች በማሰሮ ወተትና ማር ተሸክመው ወደ ጉብታው ወጡ። ወንድ አልተከተላቸውም። ማርና ወተቱን አፈሩ ላይ አፈሰሱት፤ ከዚያ ፀጉራቸውን ፈትተው አለቀሱ። ልቅሶው ለይስሙላ አልነበረም። አንዲት አሮጊት ሣሩን የልጅ ራስ እንደሚዳብስ ሰው ስትዳብሰው አየ። ሊሳኒያስ ብዙ ልቅሶ የሰማ ሰው ነው፤ ለባዶ አፈር እንዲህ እንደማይለቀስ ያውቃል። በአእምሮው የደረደረውን ቃል እዚያው መንገድ ላይ ጣለው።

"ይህን የሚመራው ማን ነው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ "አግላይስ ናት፤ የአርጤምስ መቅደስ ካህኒት" አሉት። "ግን እሱ የሴቶች ነገር ነው፤ ምን ያደርግልሃል?"

አግላይስ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ዓይኗ የሚወጋ ሴት ናት። መቅደሱን ከእናቷ ተቀብላ የያዘች ሲሆን በከተማዋ ውስጥ ቲማጎራስ እንኳ ቆሞ የሚያናግራት እሷን ብቻ ነው። ሊሳኒያስ ሲገባ ደጁን እየጠረገች ነበር።

"መጣህ?" አለችው፣ ቀና ሳትል። "ገበያው ውስጥ የሰውን አባት ስትፈልግ ዋልክ አሉ።"

"አላገኘሁም፣ እናቴ።"

"ወንድ ጠይቀህ እንዴት ታገኛለህ?"

መቅደሱ ውስጥ ግድግዳው ላይ ከሸንበቆ የተሠሩ የፋርስ ጋሻዎች ተሰቅለዋል፤ ይህን በየአገሩ አይቷል። ከጋሻዎቹ ጎን ለጎን ግን የእህል መውቀጫ ዘነዘናዎች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ከወገባቸው የተሰበሩ ናቸው፤ የአንዱ ጫፍ ተሰንጥቋል።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ቲማጎራስ ምን ነው ይልሃል?"

"ሙሽሮች ሲያገቡ ለአርጤምስ የሚሰጡት ነው ብሎኛል።"

አግላይስ መጥረጊያዋን አስቀምጣ ሣቀች። "የኛ ሙሽሮች ዘነዘናውን በማን ራስ ላይ ሰብረው ነው የሚያመጡት? በባሎቻቸው?" ከዚያ ሣቋን ቀስ በቀስ ሰበሰበችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። "ብነግርህ ምን ታደርግበታለህ?"

"እጽፈዋለሁ። ከመጻፌ በፊት ግን እፈትነዋለሁ። እርስዎንም ቢሆን ዝም ብዬ አላምንም፣ እናቴ።"

"ጥሩ። ዝም ብለህ ብታምነኝማ ቲማጎራስንም ዝም ብለህ ታምነው ነበር" አለች። ነገረችውም።

ፋርስ በመጣ ጊዜ ኤላፌያ ውስጥ የጦር ዕድሜ ያለው ወንድ አልነበረም። ሁሉም ሰሜን መተላለፊያው ላይ ነበሩ። አልሸሹም፤ በተመደቡበት ቦታ ቆመው ነበር፤ ጠላት ግን በሌላ በኩል አለፋቸው። ከተማዋ ውስጥ የቀሩት ሽማግሎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ጭሱ ከሸለቆው ሲነሣ ሁሉም ወደ ላይኛው ዋሻ መውጣት ጀመሩ። ጠባቧ አፋፍ ላይ ሲደርሱ የጠላት ወታደሮች ከኋላቸው ደረሱ። ያኔ አርኪያስ የሚባል ሽማግሌ መንገዱ መሐል ተቀመጠ። "እኔ ከዚህ በላይ አልወጣም፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል" አለ። ሌሎች ሽማግሎች አጠገቡ ተቀመጡ። ልጅ የሌላቸው ሴቶች፣ ቀጥሎም ልጅ ያላቸው ጭምር፣ ሸክማቸውን አውርደው ተመለሱ። መሣሪያ የላቸውም፤ ለዋሻው ምግብ ማዘጋጃ ብለው የተሸከሙት ዘነዘና ነበራቸው፤ ድንጋይ ደግሞ ተራራው ሞልቶታል።

"ድንጋዩን ከላይ እየገፉ ለቀቁት" አለች አግላይስ። "ያመለጠውን ደግሞ በዘነዘና። መንገዱን እስኪመሽ ያዙት። በኋላ አለቁ፤ ጠላትም ደክሞት ወደ ሸለቆው ወረደ። እኛ ልጆቹ ተረፍን።"

"እርስዎስ ምን አዩ?"

"እኔ ወደ ላይ የሚወጡትን ልጆች ከሚመሩት አንዷ ነበርኩ። ገና ጡት ያላጎጠጎጥኩ ልጅ ነበርኩ። አንዲት ሴት ሮጣ መጣችና ከጀርባዋ ሕፃን አውርዳ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር። ከዚያ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያየሁት መንገዱን ነው፤ ዞሬ አላየሁም። የቀረውን ከቁስሏ ድና ከተረፈችው አክስቴ ነው የሰማሁት። ይህንንም ለይተህ ጻፍ።"

ሊሳኒያስ ደስ አለው። ያየችውንና የሰማችውን የምትለይ ነጋሪ በዚህ መንገድ ሁሉ ሲያገኝ ይህች ሦስተኛ ብትሆን ነው።

"በጉብታው ላይ የምታለቅሱት በእነሱ ስም ነው?"

"ስማቸውን እየጠራን ነው" አለችና ከሙሾው ሁለት ሁለት ስንኝ፣ ዜማውን ሳታወጣ፣ እንደ ንግግር አለችለት፦

"አርኪያስ ሽማግሌው፣ ዳገቱ ደከመው፣
እዚሁ ልቀመጥ ብሎ ድንጋዩን ታቀፈው።

ኤውዲያ ልጇን አውርዳ፣ ለሰው አስታቀፈች፣
ባዶ ጀርባዋን ይዛ ወዳፋፉ ተመለሰች።"

"ኤውዲያ ማን ናት?"

"ጀርባዬ ላይ ሕፃን ያሰረችው። የቲማጎራስ እናት።"

"ቲማጎራስ ያውቃል?"

"እናቱ በቃጠሎው ዓመት እንደ ሞተች ያውቃል። አባቱ ከሰሜን ሲመለሱ ጉብታውን ከሠሩት አንዱ ናቸው። ሲቀብሯት አይቻለሁ፤ አፈር በእጃቸው ነበር የሚዝቁት። 'ልጁ ሲያድግ እኔው እነግረዋለሁ' ብለው ለመኑኝ። ነገሩ አልወጣላቸው ሆኖ ሳይነግሩት ሞቱ። እሱም አደገና ስለ ስልሳ ወንድ መናገር ጀመረ። ስልሳ ወንድ አፉን ሞልቶት ለእናቱ ቦታ አልነበረውም።"

"ታዲያ ወንዶቹ ዋሽተው ነው ድንጋዩን ያቆሙት?"

"ድንጋዩ ላይ ወንድ የሚል ቃል አንብበሃል?"

ሊሳኒያስ አሰበ። "ለኤላፌያ የቆሙት እዚህ ተኝተዋል" ነው የሚለው። የቆሙት ወንዶች ይሁኑ ሴቶች አይልም።

"ያቆሙት ሰዎች ማን እንደ ተኛ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ አልጻፉም" አለች። "ልጆቻቸው 'የቆሙት' ሲባል ጋሻ ያለው ወንድ ታያቸው። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ቆጠሯቸው። ማንም አልዋሸም ማለት ይቻላል፤ ማንም ግን አልጠየቀም።"

ሊሳኒያስ ከመቅደሱ ሲወጣ የሰማው ሁሉ ልቡን ነክቶት ነበር፤ ግን ልብ የነካ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። ሙሾም እንደ ወሬ ያድጋል። የኤላፌያ ሴት ለኤላፌያ ሴት ብትመሰክር የዘመድ ምስክር ናት። የሚፈልገው የማይወዳቸውን ሰው ነው። ስለዚህ በቅሎውን ጭኖ እንደ ገና ወደ ክሬና ወረደ፤ አሁን ግን ፎርባስን አልፎ ወደ አባቱ ገባ።

የፎርባስ አባት ዓይናቸው የጠፋ፣ ጆሯቸው ግን ያልጠፋ፣ በለስ ሥር ተቀምጠው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው።

"አባቴ፣ ፋርስ ኤላፌያን ባቃጠለ ቀን እርስዎ የት ነበሩ?" አላቸው።

"እዚሁ ነዋ። ዳቦ ሳድል።"

"ለማን?"

"ለፋርስ ነዋ! ለማን መሰለህ?" ሽማግሌው አልተሸማቀቁም። "ክሬና ለንጉሡ አፈርና ውሃ ልካ ገብራ ነበር። ምን እናድርግ? ሜዳ ላይ ነን፤ ኤላፌያዎች ተራራ አላቸው፤ እኛ ምንጭ ብቻ ነው ያለን። ወይራችን እስከ ዛሬ የቆመው ለዚያ ነው። ልጄ ይህን ማውራት አይወድም፤ ዘይቱን መሸጥ ግን ይወዳል።"

ፎርባስ ከደጅ ሆኖ "አባባ!" አለ።

"ዝም በል አንተ፤ ሰውየው የጠየቀው እኔን ነው።" ወደ ሊሳኒያስ ዞሩ። "ወደ ተራራው የወጡት ወታደሮች አመሻሹ ላይ ተመለሱ። ጭንቅላቱ የተፈነከተ አለ፤ እጁ የተሰበረ አለ። ጓደኞቻቸው ቆመው ይሥቁባቸዋል። እኔ ዳቦ እየሰጠሁ አስተርጓሚውን 'ምንድን ነው የሚሥቁት?' አልኩት። 'ማን እንደ መታቸው አታውቅም?' አለኝ። 'ማን ነው?' አልኩት። 'ባልቴቶችና ሽማግሎች' አለኝ። አንዱ ወታደር ራሱ በጣቱ እየወቀጠ አሳየኝ፤ በዘነዘና፣ እንዲህ፣ እንዲህ።" ሽማግሌው በባዶ እጃቸው አየሩን ወቀጡት። "ያን ዕለት አላሣቀኝም። ከተመቱት ወታደሮች ይልቅ እኔ ነኝ ያፈርኩት።"

ሊሳኒያስ አመስግኖ ተነሣ። የጠላትን ዳቦ ያደለ ሰው፣ ከማይወዳት መንደር ሴቶች ጎን ሲመሰክር ሰማ። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከሰማይ አይወርድም።

በዓሉ በዋለበት ጧት ወደ ቲማጎራስ ሄደ። "የማነበው አንተን የሚነካ ነገር አለው፤ አስቀድሜ ልንገርህ" አለው።

ቲማጎራስ ለበዓሉ የተዘጋጀ የአበባ ጉንጉን ራሱ ላይ እያስተካከለ ነበር። "በፍጹም!" አለ። "ሹም ስለሆንኩ ከሕዝቡ ቀድሜ ልስማ? ፎርባስ ከኋላ እየተመሳጠሩ ጻፉት ሊል ነው እኮ። ከሁሉም ጋር እሰማለሁ።"

"ቲማጎራስ፣ ብትሰማኝ..."

"ሊሳኒያስ፣ አባቶቼን አልፈራም" አለና ትከሻውን መትቶት ወጣ።

ሕዝቡ በመቅደሱ ፊት በተዳፋቱ ላይ ተቀመጠ። መሥዋዕቱ ቀርቦ፣ ሥጋው ተከፋፍሎ፣ ወይን ጠጁ ዞሯል። ክሬናዎች በአንድ ወገን፣ ኤላፌያዎች በሌላው ወገን፣ ሴቶቹ ደግሞ ከካህኒቱ ጋር ከላይ ተቀምጠዋል። ሊሳኒያስ ጥቅልሉን ዘርግቶ ድምፁን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

"ስለ ጉብታው ኤላፌያዎች፣ ስልሳ ወንዶች፣ አንዳንዶችም መቶ፣ በአፋፉ ቆመው አለቁ ይላሉ።" የኤላፌያ ወገን አጨበጨበ። "ክሬናዎች ግን ጉብታው ባዶ ነው፤ የተባሉት ወንዶች ከጦርነቱ በኋላ በሕይወት ታይተዋል ይላሉ። እኔም በከተማዋ ዞሬ፣ አባቴ እዚያ ተቀብሯል የሚል አንድ ሰው አላገኘሁም።"

"አላልኳችሁም!" ፎርባስ ብድግ አለ። "አላልኳችሁም ባዶ ነው ብዬ!"

"ተቀመጥ፣ ፎርባስ፤ አልጨረስኩም" አለ ሊሳኒያስ፣ ከጥቅልሉ ቀና ሳይል። "የኤላፌያ ወንዶች አልሸሹም፤ ሰሜን መተላለፊያው ላይ በተመደቡበት ነበሩ። በዚያ ቀን ለፋርስ ገብረው ዳቦ ያደሉት ክሬናዎች ናቸው። ይህን ከራሳቸው ከክሬና ሽማግሌ ሰምቻለሁ።"

ፎርባስ ተቀመጠ። ከኤላፌያ ወገን ሣቅና ፉጨት ተነሣ። ሊሳኒያስ እጁን አንሥቶ እስኪበርድ ጠበቀ።

"የኤላፌያ ሴቶች ደግሞ ሌላ ይላሉ" ብሎ ቀጠለ። አርኪያስ መንገዱ መሐል እንደ ተቀመጠ፣ ሴቶቹ ሸክማቸውን አውርደው እንደ ተመለሱ፣ ድንጋዩንና ዘነዘናውን፣ የተፈነከተ ራሳቸውን ይዘው ወደ ክሬና የወረዱትን ወታደሮች አነበበ። "እኔ የምቀበለው የሴቶቹን ነው። ክሬናዎች ይህን በመመስከር የሚያገኙት ክብር ሳይኖር መስክረዋልና።"

ተዳፋቱ ተናወጠ። "ሴቶች ናቸው ያስጻፉት!" አለ አንዱ። "ከቴዎስ ድረስ የመጣኸው ለዘነዘና ነው?" አለ ሌላው። የበለስ ልጣጭ ተወርውሮ ሊሳኒያስ እግር ሥር ወደቀ። "ስልሳዎቹ አባቶቻችንስ?" ብሎ ባለ መቶው ጮኸ።

"ያንተ አባት የት ነው የተቀበረው?" አለው ሊሳኒያስ።

ሰውየው አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ቆም ብሎ፣ "ወይኑ ቦታ አጠገብ" አለ በዝግታ።

ሊሳኒያስ የመጨረሻዋን መስመር አነበበ። "ከተመለሱት ሴቶች አንዷ ኤውዲያ ትባላለች፤ ሕፃን ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ለአንዲት ልጅ አስታቅፋ ተመለሰች። ልጁ ድኗል።"

ቲማጎራስ የአበባ ጉንጉኑን ከራሱ ላይ አወረደ። ወደ ሴቶቹ ዞሮ ሲናገር ያ ሰፊ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

"እማማ አግላይስ... እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ ልጄ።"

"ልጅቷ ማን ናት? ያስታቀፈቻት?"

"እኔ ነኝ። ከባድ ነበርክ። መንገዱን ሙሉ አልቅሰህ ጆሮዬን አደነቆርከው።"

አንድ ሰው ሣቀ፤ ሣቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ከሴቶቹ መካከልም ማልቀስ የጀመሩ ነበሩ። ቲማጎራስ ወደ ሊሳኒያስ ዞሮ፣ "የጻፍከው ይቁም" አለ። "አንዲት ቃል እንዳታነሣ።"

"አላነሣም ነበር" አለ ሊሳኒያስ፤ "አንሣ ብትለኝም።"

ከበዓሉ በኋላ በከተማዋ ክርክር ሆነ። አንዳንዶች ስማቸው በድንጋዩ ላይ ይቀረጽ አሉ፤ አንዳንዶች ለእንግዳ ጽሑፍ ብለን የአባቶቻችንን ድንጋይ አንነካም አሉ። ወደ አግላይስ ቢሄዱ፣ "ተዉት" አለቻቸው። "ድንጋዩ አልዋሸም። ያሳሳተን አንባቢው ነው። አንባቢውን አስተካክሉ።" ሙሾውን አሰሚን ብለው ለመኗት፤ እሱንም እምቢ አለች። "የኛ ነው። ወንድ መጥቶ ወተትና ማር ቢሸከምልን ግን አንከለክለውም፤ ዳገቱ ከባድ ነው።"

ባለ መቶው ሰው አሁንም መቶ ናቸው ይላል፤ ሴቶችም መቶ ይሆናሉ እኮ ነው የሚለው። ፎርባስ አባቱን ለሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ታረቀ። ከክሬና አንዳንድ አሮጊቶች ግን ሳይጠሩ ወደ ጉብታው መጡ፤ ከሩቅ ቆመው ተመለሱ።

ሊሳኒያስ ሲሄድ ቲማጎራስ እስከ ወሰኑ ድረስ ሸኘው። በቅሎዋን እሱ ነበር የሚስባት።

"ስለሷ ሌላ የምታውቀው አለ?" አለ ቲማጎራስ ወሰኑ ሲቃረብ።

"የለም። ካህኒቱ 'እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር' ብላኛለች። ያን አልጻፍኩትም፤ ላንተ ያቆየሁት ነው።"

"ቁመቷስ? ፀጉሯስ? ምን ትወድ ነበር?"

"አልጠየቅኩም። እኔ የምጠይቀው ስለ ጦርነቱ ነው" አለ ሊሳኒያስ፤ በዚህ ሥራው ውስጥ ይህን ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አፈረ። "የሚያውቋት ግን አሁንም ሦስት አራት አሮጊቶች አሉ። ጠይቃቸው። ከአንዷ ብቻ ሰምተህ አትመን፤ ሁሉንም ስማ። ያየችውንና የሰማችውን ለይ።"

"ወንድ ሲጠይቅ ይነግሩኛል ብለህ ነው?"

"እኔን ነግረውኛል። አንተ ደግሞ ልጇ ነህ።"

ቲማጎራስ የበቅሎዋን ልጓም ሰጠው። ተቃቅፈው ተለያዩ። ሊሳኒያስ ቁልቁለቱን ጀምሮ ዞር ሲል፣ የኤላፌያ ሹም የሹምነት አካሄዱን ትቶ፣ ልብሱን በእጁ ሰብስቦ፣ ሽቅብ ወደ ከተማው ሲቸኩል አየው።